በነፃ የተጠጉ ዘመዶች

መካነ ሰላም ውስጥ «ግብር አስከፍሉኝ» ብላ በገዛ እግሯ የሄደች የመጀመሪያዋ ሴት እኔ ሳልሆን አልቀርም። እስከ ዛሬ ይስቁብኛል። ይሳቁ። ከሚስቁብኝ ውስጥ የአንዳንዶቹ ቤት በማን ስም እንዳለ እኔ አውቃለሁ፤ እነሱ ገና አልጠየቁም።

ነገሩ የሚጀምረው ከቤቱ ነው። ስድስት ክፍል፣ በአንድ ረድፍ የተሠራ፣ ግድግዳው ጭቃ፣ ክዳኑ ቆርቆሮ፣ ከፊቱ ጠባብ ግቢ፣ በስተመጨረሻው ሽንት ቤት። ለሚያየው ሰው የሚያስጎመጅ ነገር የለውም። እኔ ግን ጅዳ ውስጥ ስምንት ዓመት የሰው ወለል ሳጥብና የሰው ልጅ ሳዝል፣ በምተኛባት የዕቃ ማስቀመጫ ክፍል ግድግዳ ላይ በጥፍሬ የሣልኩት ይህንኑ ቤት ነበር። ስድስት በር አለው፤ አንዱ ለእኔ፣ አምስቱ ለኪራይ። አምስቱ ክፍሎች እኔን ካኖሩኝ ሁለተኛ የማንንም ወለል አላጥብም ብዬ ነበር። ለራሴ የገባሁት ቃል እሱ ብቻ ነው።

ጅዳ የሄድኩት ግን በሌላ ስም ነው። ያን ጊዜ ከእኛ አገር ክርስቲያን የሆነች ልጅ ወደ ዓረብ አገር ስትሄድ ደላላው ፓስፖርቷን በሙስሊም ስም ያስወጣላት ነበር። እንዲያ ሲሆን ጉዳዩ ቶሎ ያልቃል ይባላል። እኔም አልከፋኝም። ወሎ ነው፤ የአያቴ ስም ራሱ የሙስሊም ስም ነው፣ እኔም ጥምቀትን ከታቦቱ ኋላ መውሊድን ከጎረቤቶቻችን ጋር እያከበርኩ ነው ያደግሁት። ስሙ ቆንጆ ስም ነበር። ብቻ የእኔ አልነበረም። ስምንት ዓመት ሙሉ የላክሁት ብር በሙሉ የተላከው በዚያች በሌለች ሴት ስም ነው፤ ላኪ እሷ፣ ተቀባይ ወንድሜ። ይህን ስህተት ከእኛ አገር ሴቶች በቀር ማን ይሠራዋል? ላቤን ለሌለች ሴት ሰጠኋት፣ እሷ ደግሞ ለወንድሜ ላከችለት።

ወንድሜ በአሥራ አምስት ዓመት ይበልጠኛል። አባታችን ቀደም ብሎ ስለሞተ ያሳደገኝ እሱ ነው ማለት ይቻላል። ጋሼ እያልኩ፣ አንቱ እያልኩ ነው ያደግሁት። አሁን ስጽፍ እሱ እላለሁ፤ ለምን እንደሆነ ወደ በኋላ ይታወቃል። የደከመበትን አልክድም። ቦታውን ከማዘጋጃ ቤት የተመራው እሱ ነው፣ በራሱ ስም፤ እኔ በሌለሁበት በማን ስም ይመራ? ሦስት ዓመት ከአናጢና ከመራጊ ጋር ተጨቃጭቋል፣ ማገሩንና ወራጁን እስከ ወግዲ መንገድ ድረስ ሄዶ ራሱ መርጦ ገዝቷል፣ ሲሚንቶ ሲጠፋ ደሴ ወርዶ አምጥቷል። በስልክ «ውለታዎን በምን ልክፈልዎ» ስለው «አንቺ ብቻ በሰላም ተመለሽ» ይለኝ ነበር። ያን ጊዜ ከልቡ ነበር ብዬ አምናለሁ።

የተመለስኩት ሚሊኒየሙ ከተከበረ ጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። ከተማው ውስጥ ሞባይል ገብቷል፣ ኔትወርኩ ግን ዳገቱ ላይ ካልወጡ አይገኝም። በየሰፈሩ አንድ ለአምስት የሚባለው ቡድን ይሰበሰባል፣ ቀበሌው ከስብሰባ ስብሰባ ነው። ወንድሜ በግ አርዶ ተቀበለኝ። ዘመድ አዝማዱ ዕልል አለ። ሰዉ ሲበተን ስድስተኛዋን ክፍል፣ ሽንት ቤቱ አጠገብ ያለችውን ከፈተልኝ።

«ለጊዜው ነው» አለኝ።

ሌሎቹ አምስቱ ተከራይተዋል፣ ኪራዩን የሚቀበለው እሱ ነው። ስጠይቀው «ሻንጣሽን እንኳ አልፈታሽ፣ ምን ያስቸኩልሻል» ይለኛል። ሻንጣዬን ከፈታሁ ወራት አልፈው ነበር።

ያኔ በከተማችን ቤት የሚያከራይ ሰው ሁሉ ለግብሩ አንድ ዘዴ ነበረው። አንዱ የኪራይ ግብር ገማች ኮሚቴው ሊመጣ ነው ሲባል የተከራዩን አልጋ አስወጥቶ ክፍሉን ጭድ ይሞላዋል፣ የከብት ቤት ነው ይላል። ተከራዩም ሜዳ ላይ በወጣው አልጋው ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል። አንዲት ሴትዮ ደግሞ የዚያን ቀን ተከራዮቿን በሙሉ ደጎሎ ገበያ ትሰዳቸዋለች፤ ምንም ሳይገዙ በሚኒባስ ተንገላተው ይመለሳሉ። ውሉ ላይ የኪራዩን ግማሽ ብቻ ያጻፈም ነበር። የእሱ ተከራይ ብልጥ ወጣና «በውሉ መሠረት» እያለ ግማሹን ብቻ ይከፍለው ጀመር፣ ሰውዬው ለማን አቤት ይበል? እነዚህ ሁሉ ራሳቸውን እንደ ብልህ ይቆጥሩ ነበር።

የወንድሜ ዘዴ ዘመድ ነው። አንድ ማለዳ ግቢው መሃል ቆሞ ተከራዮቹን አንድ በአንድ አስወጣቸው።

«ዛሬ የቀበሌ ሰዎች ይመጣሉ። ዘመድ ነን በሉ» አለና ዝምድናውን ያከፋፍላቸው ጀመር። ከወግዲ የመጣው መምህር የአክስቱ ልጅ ሆነ። ልብስ ሰፊው የሚስቱ ወንድም። የጤና ጣቢያዋ ነርስ በእናታችን በኩል ተጠጋች። ለቀሩት ለሁለቱም የሆነ ነገር ፈለገላቸው። እኔ በሬ ላይ ቆሜ እስቅ ነበር። መሳቄ ትዝ ሲለኝ አሁን እናደዳለሁ።

ሁለት ሰዎች መዝገብ ይዘው መጡ። አንደኛው መምህሩን «አክስትህ ማን ይባላሉ?» ብሎ ጠየቀው። መምህሩ ጠፋው። ወንድሜን አየ፣ መሬቱን አየ፣ ከዚያ «እኛ ቤት እቴቴ ነው የምንላቸው» አለ። ሰውዬው ሳቁን ውጦ ጻፈ። ወደ እኔ ዞረና «እሷስ?» አለ።

«እህቴ ናት» አለ ወንድሜ። «ከዓረብ አገር ስትመለስ አስጠግቻት ነው።»

ጻፈው። ወንድሜ ሲፈርም አጠገቡ ሄጄ አነበብኩት። የወረቀቱ ርእስ «በነፃ የተጠጉ ዘመዶች» ይላል። ከሥሩ ስድስት ስም አለ፣ ስድስተኛው የእኔ ነው። እውነተኛው ስሜ። በስምንት ዓመት ውስጥ ስሜ ከቤቱ ጋር በአንድ ወረቀት ላይ ሲጻፍ ያ የመጀመሪያው ነበር፣ የተጻፈውም በተጠጊነት ነው።

ከሰዓት በኋላ ወንድሜ ቤት ሄድኩ። «ጋሼ፣ እኔን ለምን አስጻፉኝ?» አልኩት።

«ለግብሩ ብዬ ነዋ። ዘዴ ነው፣ አልገባሽም እንጂ።»

«ቤቱን ወደ ስሜ መቼ ነው የሚያዞሩልኝ?»

«በማንም ስም ቢሆን ምን አለበት? እኔና አንቺ አንድ አይደለን?»

አንድ መሆናችን ሁልጊዜ የሚነሳው እኔ ስጠይቅ ነው። ኪራይ ሲሰበሰብ ሁለት ነን። ይህን ግን አላልኩትም፤ ጋሼ ነዋ። ወጥቼ ሄድኩ፣ ወራትም ዝም አልኩ፤ የማፍርበት ነገር ቢኖር ያ ዝምታዬ ነው።

ዝምታው የተሰበረው በዐቢይ ጾም መሃል ነው። ወንድሜ ክፍሌ ድረስ መጣ፣ ወንበር ስሰጠው አልቀመጥም አለ። የመጀመሪያ ልጁን ለመጪው ጥር ሊድረው ነው። ለሙሽሮቹ ሁለት ክፍል ያስፈልጋል፤ አንዷ የእኔዋ ናት፣ ከነርሷ ክፍል ጋር በር ተከፍቶ ትቀላቀላለች።

«እኔስ?» አልኩት።

«አንቺ ገና ጉልበት አለሽ» አለኝ፣ ፊቱ ላይ ክፋት እንኳ የለበትም። «ሁለት ዓመት ደግሞ ሠርተሽ ብትመለሺ ራስሽን ትችያለሽ። ቋንቋውን ታውቂዋለሽ፣ አገሩን ታውቂዋለሽ።»

ያን ቀን ነው የተቆጣሁት። ቁጣው እስካሁን አልበረደልኝም፣ እንዲበርድም አልፈልግም። ከአልጋዬ ሥር የፌስታል ቋጠሮ አወጣሁ፤ ስምንት ዓመት የላክሁበት ወረቀት በሙሉ እዚያ ውስጥ ነው። አልጋው ላይ ዘረገፍኩት። ወንድሜ አንዱን አነሣና ላኪ የሚለውን አነበበ። ከዚያ ሳቀ።

«ይቺን ሴት እኮ እኔ አላውቃትም» አለ።

ቀልዱን ነው አለኝ ወዲያው። እኔ ግን ወደፊት ሽማግሌም ዳኛም ፊት የሚናገረውን አስቀድሞ እንደ ነገረኝ ገባኝ። በእጄ ያለው ማስረጃ የሌለች ሴት ማስረጃ ነው። በእሱ እጅ ያለው ካርታ ነው፣ በስሙ። ለእኔ የቀረልኝ ወደ ጅዳ መመለስ ወይም ሌላ ነገር መፈለግ ነበር።

ሌላውን ነገር ያገኘሁት ወረፋ ስጠብቅ ነው። ቧንቧው ጋ ጄሪካን አሰልፈን ሁለት ጎረቤቶች በድንበር ጉዳይ ስለ ተካሰሱ ገበሬዎች ያወራሉ። አንደኛዋ «ሽማግሌዎቹ መጀመሪያ የጠየቁት ማን ሲገብር ኖረ ብለው ነው» አለች። ሌላዋ «ሌላ ምን ሊጠይቁ ነው» አለቻት። እኔ ጄሪካኔን ሳልሞላ ተመለስኩ። እውነትም በእኛ አገር ሰው ስለ መሬትም ስለ ቤትም ሲጣላ ከካርታው በፊት የሚጠየቀው እሱ ነው። በደርግም፣ ከዚያ በፊትም፣ ከዚያ በኋላም። የእኔን ቤት የኪራይ ግብር ደግሞ ማንም ገብሮለት አያውቅም። የገባሪው ቦታ ባዶ ነው።

ሰኞ ገቢዎች ቢሮ ሄድኩ። ጠረጴዛው ጋ የነበረው ወጣት ሠራተኛ ቀና ሳይል «ቅሬታ ከሆነ በሚቀጥለው ክፍል» አለኝ።

«ቅሬታ አይደለም። ግብር ልከፍል ነው።»

ቀና አለ። ከኋላዬ ሌላ ሰው ያለ ይመስል አሻግሮ አየ። «ማነው ግብር ክፈይ ያለሽ?»

«ማንም።»

ወንበር ሰጠኝ። ሁሉንም ነገርኩት፤ ካርታው በወንድሜ ስም መሆኑን ጭምር አልደበቅሁም። ጨዋ ልጅ ነበር፣ ሊያታልለኝ አልሞከረም። «እኛ ግብሩን የምንጠይቀው ኪራዩን የሚቀበለውን ሰው ነው። ቤቱ የማን ነው የሚለውን እኛ አንወስንም፤ ግብር ስለ ከፈልሽ ባለቤት አትሆኚም» አለኝ።

«እሱን ለእኔ ተውልኝ» አልኩት።

ከዚያ ሕጉን አስረዳኝ። አነስተኛ አከራይ ስለሆንኩ የሂሳብ መዝገብ እንድይዝ አልገደድም። ከኪራዩ ላይ አንድ አምስተኛው ለጥገናና ለእርጅና ተብሎ ይቀነስልኛል፣ ግብሩ የሚሰላው ከቀረው ላይ ነው። ውል ከተዋዋልኩና ካስመዘገብኩ ኮሚቴው በግምት ሊጭንብኝ አይችልም። ክፍሉ ወና ለነበረበት ወር ኪራይ የለም፣ ስለዚህ ግብርም የለም፤ ብቻ ወና መሆኑን ማሳወቅ አለብኝ። የበጀት ዓመቱ ሰኔ ሠላሳ ይዘጋል፣ ሐምሌ ላይ መጥቼ እከፍላለሁ።

«ይህን ሁሉ ለሰው ትነግራላችሁ?» አልኩት።

«የሚጠይቅ ሰው መጥቶ አያውቅም» አለኝ።

ወደ ቤቴ ስመለስ መንገድ ላይ ብቻዬን ስቄያለሁ። ሕጉ ራሱ በግልጽ የሚቀንስላቸውን ሳይጠይቁ ጭድ ሲሸከሙና ሰው ደጎሎ ሲያንከራትቱ የሚኖሩትን ሁሉ አሰብኩ። አንዳንዶቹ ደንበኛውን ግብር ቢከፍሉ ከጭዱ ዋጋ ብዙም አይበልጥባቸውም ነበር።

የቀሩት ተከራዮቹ ነበሩ። በመጀመሪያ መምህሩን አነጋገርኩት። ከዚህ ወር ጀምሮ ኪራዩን ለእኔ እንዲከፍል፣ ውል እንድንዋዋል፣ እኔም ግብሩን እንደምከፍል ነገርኩት። ሲፈራ አየሁት፣ ከዚያ ፊቱ ተለወጠ።

«እታለም፣ ዝምድናው አንገሽግሾኛል» አለኝ። «ወላሂ ነው የምልሽ። የአክስት ልጅ ካደረገኝ ወዲህ ለጤፉ አጨዳ ወሰደኝ። ለሚስቱ አጎት ተዝካር ውኃ ቀድቻለሁ። ባለፈው ደግሞ ለቅሶ መዋጮ ጠየቀኝ። ኪራዩንም እከፍላለሁ፣ ዘመድነቱንም እከፍላለሁ።»

የልብስ ሰፊውም አቤቱታ ከዚያ አይለይም፤ የወንድሜን ቤተሰብ ሱሪ በነፃ ሲጠግን ነው የኖረው። አምስቱም ፈረሙ። የፈረሙት ለእኔ ብለው እንዳይመስላችሁ። ከዝምድናው ለመገላገል ነው።

ወሩ ሲደርስ ወንድሜ ኪራይ ሊሰበስብ መጣ። መምህሩ «ለእህትዎ ከፍያለሁ» አለው። ልብስ ሰፊውም እንዲሁ። ግቢው መሃል ቆሞ ስሜን ጠራ፣ ወጣሁ።

«አንቺ ማን ነኝ ብለሽ ነው ከቤቴ ኪራይ የምትሰበስቢው? እከስሻለሁ» አለኝ።

ተከራዮቹ በየበራቸው ቆመዋል። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አንቱን ተውኩት።

«ምን ብለህ ትከሰኛለህ?» አልኩት። «ኪራይ ወሰደችብኝ ልትል ነው? ኪራይ የለም፣ ዘመዶቼ ናቸው ብለህ ቀበሌ ፈርመሃል እኮ። ፊርማህን አይቼዋለሁ፣ ስድስተኛዋ እኔ ነኝ።»

አንተ ማለቴ ይሁን የፊርማው ነገር የትኛው እንደመታው አላውቅም። የራሱ ዘዴ እጅና እግሩን አስሮት ቆመ። ጋቢውን አስተካከለና ወጣ። ከዚያ ቀን በኋላ አንቱ ብዬው አላውቅም።

ወዲያው ሽማግሌ ላከብኝ። «ከሐምሌ በኋላ እመጣለሁ» ብዬ መለስኳቸው። «ሐምሌ ምን አለ?» አሉኝ። «የሚከፈል ነገር አለብኝ» አልኳቸው። የሰውን ስድብ የቀመስኩት በእነዚያ ወራት ነው። ያሳደጋትን ወንድሟን ለመንግሥት የሸጠች አሉኝ። የዓረብ አገር ፀሐይ አናቷን መታት አሉኝ። የወንድሜ ሚስት መንገድ ላይ ስታየኝ ፊቷን ታዞራለች። አንዳንድ አከራዮችም ተቆጡኝ፤ እኔ ከከፈልኩ ገና እነሱም ሊጠየቁ ነዋ። በግንቦት ንፋስ የልብስ ሰፊውን ክፍል ቆርቆሮ ገለበጠውና አንድ ወር ወና ሆነ። አናጢ ጠርቼ አሠራሁት፣ ወና መሆኑንም ሄጄ አስመዘገብኩ።

ሐምሌ ላይ ዝናቡ ይወርዳል፣ ጭቃው ጫማ ያስቀራል። ቦቲ ጫማዬን አድርጌ ገቢዎች ቢሮ ሄድኩ። ገማች ኮሚቴው ውስጥ የነበሩ አንድ አዛውንት አምስቱንም ክፍል ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ለሦስቱም ወር ሞልተው ጻፉብኝ።

«የልብስ ሰፊው ክፍል ግንቦትን ወና ነበር» አልኳቸው።

«ሁሉም ወና ነበር ነው የሚለው» አሉኝ።

«ሁሉም ቢል እኔ አስመዝግቤያለሁ። መዝገቡን ይዩት።»

አዩት። ሰረዙት። «አንድ አምስተኛውስ?» አልኳቸው። እርስ በርሳቸው ተያዩ፣ እሱንም ቀነሱት። እኔ ግብር ከፋይ ነኝ እንጂ የዋህ አይደለሁም፤ ከሚገባው አንድ ብር አላጎድልም፣ አንድ ብርም አልጨምርም። ከፈልኩና ደረሰኙን ተቀበልኩ። «ከ» በሚለው በከፋዩ መስመር ላይ ስሜ አለ፣ እናቴ ያወጣችልኝ፣ ከአባቴና ከአያቴ ስም ጋር። በረንዳው ላይ ቆሜ ዝናቡ እስኪያባራ ደጋግሜ አነበብኩት። አለቀስኩ፣ እውነቴን ነው።

መስከረም ሲጠባ ሽማግሌዎቹ የሰፈሩ ጠብ በሚዳኝበት ጥድ ሥር ተቀመጡ። ሦስት ናቸው፤ አንድ ቄስ፣ አንድ ሼህ፣ አንድ የሰፈራችን ሰው። ወንድሜ ጀመረ። ቦታውን እሱ እንደ ተመራ፣ እሱ እንዳሠራ፣ እህቱን አሳድጎ፣ ስትመለስም አስጠግቶ፣ ከሥሩ ጉድጓድ እንደ ቆፈረችለት ተናገረ። ስለ ገንዘቡ ሲጠየቅ ከጅዳ የላከችለት ሴት ስሟ ሌላ መሆኑን አነሣ። ያልኩት አልቀረም።

ሼሁ አንገታቸውን ደፍተው ሰሙና «ሐቅ ካለ ይወጣል» አሉ። «እሺ፣ የዚህን ቤት ግብር ማን ሲገብር ኖረ?»

«የቦታውን እኔ» አለ ወንድሜ።

«የቦታውን አልጠየቅሁህም። የኪራዩን።»

«ኪራይ የለውማ። ዘመዶቼ ናቸው የሚኖሩበት።»

ቄሱ መምህሩን አስጠሩት። «አንተ ልጅ፣ የኚህ ሰው ዘመድ ነህ ወይ?»

«በወረቀት ነበርኩ» አለ መምህሩ። ሰዉ ሳቀ፤ ቄሱም ሳቃቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ።

ያን ጊዜ ደረሰኜን አውጥቼ ለሼሁ ሰጠሁ። ለቄሱ አሳለፉት፣ ቄሱ ስሜን ጮክ ብለው አነበቡት። ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። የሦስት ወር ግብር ናት፣ ትንሽ ወረቀት። የመንግሥት ሠራተኛው ባለቤት አታደርግሽም ብሎኝ ነበር፣ ልክ ነው፣ በሕግ አታደርግም። ጥዱ ሥር ግን ከእሷ በቀር ለዚህ ቤት የተገበረ ግብር የለም።

«ስማ» አሉት ሼሁ ወንድሜን። «ቤቱ የእኔ ነው ካልክ እንቀበልሃለን። ግን የእነዚያን ዓመታት ኪራይ በልተሃልና ነገ ሄደህ ግብሩን ከነቅጣቱ ገብር። የእሷ ነው ካልክ ደግሞ ስሙን አዙርላት፣ የደከምክበትንም እሷ ትካስሃለች። ሦስተኛ መንገድ የለህም።»

ወንድሜ ወደ እኔ ሳያይ «የሷ ነው» አለ። እኔም ለድካሙ የአንድ ዓመት የሁለት ክፍል ኪራይ እንደምሰጠው ተናገርኩ። ይገባዋል፤ አልክድም ብያለሁ።

ነገሩ እዚያ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። ፍርድ ቤቱ በር ላይ ውል የሚጽፉ ሰውዬ ጋ ተቀመጥን፣ ወንድሜ፣ እኔና ምስክሮቹ። ጸሐፊው ጉዳዩን ሰምተው የሚጠቅመኝን መከሩኝ።

«ስጦታ ብለን እንጻፈው፣ ልጄ። ወንድም ለእህቱ በስጦታ ቢሰጥ ክፍያው ይቀልሻል። ሽያጭ ካልን ቴምብሩም፣ ስም ማዛወሪያውም፣ ሌላውም ብዙ ነው።»

ወንድሜ «አዎ፣ ስጦታ ይባል» አለ። በጣም ቶሎ ነው ያለው።

ስጦታ። «እኔ እከሌ ለእህቴ ካለኝ ፍቅር የተነሣ ቤቴን በስጦታ ሰጥቻታለሁ» ተብሎ ሊጻፍ ነው። ልጅ ብወልድ ልጄ ያነበዋል። አስጠግቻት የሚለው ቃል ልብሱን ቀይሮ ተመልሶ መጣብኝ። እስከዚያ ድረስ ከሚገባው አንድ ብር አልጨምርም ያልኩት እኔ፣ ያን ቀን ግን ሕጋዊውን ቅናሽ ገፋሁት።

«ሽያጭ ይጻፍ» አልኳቸው።

«ልጄ፣ ይበዛብሻል እኮ» አሉኝ።

«ይብዛ።» ከጅዳ ይዤ የተመለስኩትን ብቸኛ የወርቅ ሐብል ሸጥኩበት። አልቆጨኝም።

ጸሐፊው በተለመደው መንገድ ጻፉ፣ ክፍያው ላይ ደርሰው «ገንዘቡን ዛሬ በእጄ ቆጥሬ ተቀብያለሁ» ሊሉ ሲሉ አስቆምኳቸው።

«ዛሬ አልተቀበለም» አልኩ። «የተቀበለበትን ቀን ይጻፉ።»

ወንድሜን አዩት። ወንድሜ መሬቱን አየ። እኔ ዝም ብዬ ጠበቅሁ፤ የዚያን ቀን ዝምታዬ አያሳፍረኝም። በመጨረሻ እሱ ራሱ፣ በዝግታ፣ ቃል በቃል ተናገረና ጸሐፊው እየደገሙ ጻፉት። ወረቀቱ አሁንም ሣጥኔ ውስጥ አለ፣ ፊርማው ከሥሩ ነው። «የቤቱን ዋጋ በሙሉ፣ እህቴ ጅዳ ሠርታ በስምንት ዓመት ውስጥ በሌላ ስም ልካልኝ፣ ቤቱ ሳይሠራ አስቀድሜ ተቀብያለሁ።»